ቅዳሜ ማታ ኪቦርድ፣ እሑድ ጠዋት መዝሙር

ጆ ሳክስፎን ይነፋል፤ ጄሪ ቤዝ ይመታል። ሁለቱም በቺካጎ የክረምት ብርድ ውስጥ ኪሳቸው ባዶ ነው። ይሠሩበት የነበረውን ድብቅ መጠጥ ቤት ፖሊስ ወርሮ ዘግቶባቸዋል። ካፖርታቸውን አስይዘው በውሻ እሽቅድምድም የተወራረዱት ገንዘብም ተበልቷል። በዚህ ሁሉ ላይ ወሮበሎች ሰው ሲረሽኑ በዓይናቸው ያያሉ። ገዳዮቹ ምስክር ማስቀረት አይፈልጉምና ሁለቱ ሙዚቀኞች ቀሚስ ለብሰው፣ ታኮ ጫማ ተጫምተው፣ ከንፈራቸውን ቀብተው ወደ ፍሎሪዳ ከሚሄድ የሴቶች ባንድ ጋር ባቡር ይሳፈራሉ። ቢሊ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራው ይህ «ሰም ላይክ ኢት ሆት» የተባለ ፊልም፣ የአሜሪካ ፊልም ተቋም በ2000 ባወጣው የምርጥ አስቂኝ ፊልሞች ዝርዝር ላይ አንደኛ ሆኖ ተቀምጧል።

ብዙ ተመልካች የሚያስታውሰው ቀሚሱንና ማሪሊን ሞንሮን ነው። እኔን ደጋግሞ የሚይዘኝ ግን ከቀሚሱ በፊት የሚመጣ አንድ አጭር ትዕይንት ነው። ግድያው ገና አልተፈጸመም። ጆና ጄሪ ሥራ ፍለጋ ከአገናኝ ቢሮ ገብተው የሴቶቹ ባንድ አንድ ሳክስፎን ነፊና አንድ ቤዝ ተጫዋች እንደሚፈልግ ይሰማሉ። ለምን ሴት መስለን አንገባም የሚለው ሐሳብ የሚመጣው እዚያው ነው። ያመጣው የጥይት ፍርሃት ሳይሆን ሥራ ማጣት ነው። ፊልሙ መነሻ ያደረገው እ.ኤ.አ. የ1935ቱ የፈረንሳይ ፊልም «ፋንፋር ዳሙር» ደግሞ ወሮበላም ግድያም የለበትም። ሥራ ያጡ ሙዚቀኞች ለእንጀራ ሲሉ መልካቸውን እየቀያየሩ ከባንድ ባንድ የሚዞሩበት ታሪክ ነው። ሆሊውድ ጥይቱን ጨመረ እንጂ የቀልዱ ሥር የሙዚቀኛው ባዶ ኪስ ነበር።

እኛ አገር የሙዚቀኛ ሁለት ኑሮ በፊልም ሳይሆን በእውን የተኖረ ታሪክ ነው። ስማቸውን ለዘመናት ከምንጠራቸው ብዙዎቹ በዚህ መንገድ አልፈዋል። ጥላሁን ገሠሠ ወሊሶ ሲያድግ አያቱ የሚፈልጉት ትምህርቱን እንዲገፋ ነበር፤ እሱ ግን ለዘፈን ሲል በልጅነቱ ቤቱን ጥሎ ወጣ። ዓለማየሁ እሸቴ ተማሪ ሳለ ወደ ሆሊውድ እሄዳለሁ ብሎ ከቤት ጠፍቶ ምጽዋ ድረስ ከተጓዘ በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሙላቱ አስታጥቄ ወደ ዌልስ የተላከው ምሕንድስና እንዲማር ነበር። ማሕሙድ አሕመድ አሪዞና ክለብ ውስጥ ተላላኪና የጥገና ሠራተኛ ሆኖ ሲያገለግል የክብር ዘበኛ ሙዚቀኞች ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ እዚያ ይመጡ ነበር። አንድ ምሽት ዘፋኞቹ ሲቀሩ መድረኩ ላይ ወጥቶ እንዲዘፍን ለመነ፣ ተፈቀደለትም። ያ ሠራተኛ በጥር 2017 ዓ.ም. በሚሊኒየም አዳራሽ መድረኩን ሲሰናበት አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ቆሞ ሸኘው። ለአስቂኝ ፊልም ከዚህ የተሻለ መክፈቻ ትዕይንት የሚፈልግ ጸሐፊ ካለ አላውቅም።

የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱና የጦር ሠራዊቱ ኦርኬስትራ አባላት ቀን ቀን ደንብ ልብስ ለብሰው ማርሽ ይነፉ ነበር። የሚከፈላቸው የወታደር ደመወዝ ነበር፤ የሚቀጣቸውም የወታደር ሕግ ነበር። ማታ ደግሞ ክለቡ ይጠራቸው ነበር። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ታስሯል። የታሰረው መፈንቅለ መንግሥቱን የሞከረው የክብር ዘበኛ ስለነበረና እሱም የዚያ ክፍል ዘፋኝ በመሆኑ ነው። በዘፋኝነቱ የሚወደድ፣ በወታደርነቱ የሚጠረጠር አንድ ሰው ነበር። የሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ሸክላ ማሳተም የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ መብት መሆኑን የሚደነግገውን ሕግ ተጋፍቶ የዓለማየሁን ድምፅ ሲያሳትም፣ ዘፋኙ የፖሊስ ኦርኬስትራ ሰው ነበር። የሙዚቃችን «ወርቃማ ዘመን» የምንለውን ከፈጠሩት ነገሮች ግማሹ ከሰዓት ውጭ፣ ከፈቃድ ውጭ፣ አንዳንዴም ከሕግ ውጭ የተሠራ ነው። ደርግ ሲመጣ ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ ባንዱም እንግዳውም ሌሊቱን ክለብ ውስጥ ተቆልፎበት ሲነጋ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ዘመን ሆነ።

ኃይሉ መርጊያ ላይ ግን ትንሽ መቆም አለብኝ። ደብረ ብርሃን አካባቢ የተወለደው ይህ ሰው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። «ቸበለው» የተባለው የባንዱ አልበም እ.ኤ.አ. በ1977 ወጣ። በ1973 ዓ.ም. ባንዱ ለሥራ አሜሪካ ሲሄድ እዚያው ከቀሩት አባላት አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መድረክ ላይ መጫወት አቆመ፤ ቆየት ብሎም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ ጀመር። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ታክሲዎች ተሰልፈው ተራ ይጠብቃሉ። ሌሎቹ ሾፌሮች ሲያወሩ ወይም ሲያንቀላፉ ኃይሉ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኪቦርድ ከመኪናው አውጥቶ እዚያው ወንበሩ ላይ ይለማመድ ነበር። ተራው ሲደርስ ኪቦርዱን አስቀምጦ መንገደኛውን ይጭናል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ሾፌሩ ማን እንደሆነ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ በ1985 የተቀዳ ካሴቱን አግኝቶ እንደገና አወጣው። ከዚያ በኋላ የአውሮፓና የአሜሪካ መድረኮች ተከፈቱለት፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ»ን ለቀቀ። የባንዱ ጓደኛው ግርማ በየነም እንዲሁ ዓመታትን በነዳጅ ማደያ ሠራተኝነት አሳልፎ ወደ መድረክ ተመለሰ።

ይህን ታሪክ ስናወራ ብዙ ጊዜ በደስታ ነው የምንጨርሰው፤ ተረሳ፣ ተገኘ፣ ተጨበጨበለት። እኔ ግን በመካከሉ ያሉት ሃያ ዓመታት ያሳስቡኛል። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ኃይሉን ሙዚቀኛ ያደረገው የደለሱ ልምምድ ብቻ ነበር። ሁለት ኑሮ የሚባለው ነገር በሆሊውድ ፊልም እንደምናየው በዊግና በቀሚስ የሚሠራ የአንድ ሳምንት ማምለጫ አይደለም። ዕድሜ ይበላል።

ይህ ሁለት ኑሮ ዛሬም አለና ወደ ዲላ ልምጣ። ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በሞያሌ መንገድ ላይ ያለችው የጌዴኦ ዞን ከተማ ኑሮዋ ከቡና ጋር የተያያዘ ነው። ይርጋጨፌ፣ ኮቸሬና ገደብ ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ቡናው ሲለቀም ገንዘቡ ወደ ከተማ ይወርዳል። ነጋዴው፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ፣ ደላላው ሆቴሉን ይሞላዋል። ምሽቱ ደግሞ ሙዚቃ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የሚመጣው በየክፍለ ሀገሩ ከተማ የሚታወቀው ወጣት ነው፤ ብቻውን አንድ ባንድ የሆነው ኪቦርድ ተጫዋች። ምቱን በፍላሽ ይዞ ይመጣል። የጌዴኦፋ ዘፈን ሲጠየቅ ይዘፍናል። የሲዳማ ነጋዴ ካለ ሲዳምኛ፣ የጉጂ ሰው ካለ ኦሮምኛ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ካለ የጥላሁንን ያመጣል። እንግዳው ተነሥቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ከሆቴሉ የሚያገኘው የምሽት ክፍያ ትንሽ ስለሆነ የወሩ ኪራይ የሚወጣው ከዚያ ግንባር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ከወጣ ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዓመት ቢቆጠርም ለዚህ ወጣት ማታ የሚገባው ገቢ አልተለወጠም።

እሑድ ጠዋት ይኸው ወጣት ሌላ ቦታ ይገኛል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በጌዴኦ ዞን ከሦስት ሰው ከሁለት በላይ የሚሆነው ራሱን ፕሮቴስታንት ብሎ አስመዝግቧል። በዚህ አካባቢ ኪቦርድ የሚማሩበት፣ በአራት ድምፅ መዘመር የሚለመድበት፣ ማይክሮፎን መያዝ የሚታወቅበት ቦታ በአብዛኛው ቤተ ክርስቲያን ነው። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ነው ያለው፤ የዲላ ልጅ በእግሩ ሊደርስበት የሚችለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመዘምራን ክፍል ነው። ያስተማረችው ቤተ ክርስቲያን ግን ቅዳሜ ማታ ሆቴል እንዲዘፍን አትፈቅድለትም። ስለዚህ ይደበቃል። ስሙን ይቀይራል፣ ከሰፈሩ ራቅ ያለ ሆቴል ይመርጣል፣ ፎቶ እንዳይነሣ ይለምናል።

እምነቱን አከብራለሁና ይህን በጥንቃቄ ነው የምጽፈው። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያረፈው ሙሉቀን መለሰ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ ዘፈንን ትቶ ወደ መዝሙር ሄደ፤ ሂሩት በቀለም እንዲሁ። ይህ ሁለት ኑሮ አይደለም፤ አንዱን ኑሮ ጥሎ ሌላውን መምረጥ ነው፣ ዋጋም ተከፍሎበታል። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ የምንኩስናውን ቆብና ፒያኖውን አብረው ይዘው መጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ። ምንኩስናው ፒያኖውን አላጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1992ቱ «ሲስተር አክት» በተባለው የሆሊውድ ፊልም ውስጥ ውፒ ጎልድበርግ የምትጫወተው የካዚኖ ዘፋኝ ገዳም ተደብቃ የመነኮሳቱን መዘምራን ስታሠለጥን ተመልካች የሚስቀው፣ ምሽት ቤት የተማረችው ነገር ለቤተ ክርስቲያኑ ሕይወት ሲሰጠው ስለሚያይ ነው። በእኛ ደቡብ ነገሩ በተቃራኒው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ያሠለጠነችውን ልጅ ምሽት ቤቱ ይጠቀምበታል። ለፊልም ጸሐፊ ይህ ግልባጭ ራሱ ስጦታ ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ በጌዴኦ ባህል ዘፈን የአንድ የተለየ ወገን ሙያ አለመሆኑ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል አዝማሪ እየተወደደ የሚናቅ ባለሙያ ነበር። በጌዴኦ ግን ሥራ ላይ፣ ሐዘን ላይ፣ በዳራሮ በዓል ላይ የሚዘፍነው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ አንዱ ሲያወጣ ሌላው ይቀበላል። ወንጌል ሲገባ ብዙ አማኝ የቀድሞውን ዘፈን ከቀድሞው እምነት ጋር አንድ ላይ ተወው። ዛሬ ደግሞ ዳራሮ በአደባባይ ይከበራል። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ባህላዊ ጭፈራው ይፈለጋል። ማለትም አባቶች የተዉትን ዘፈን አሁን መድረኩ መልሶ ይጠይቃል። አንድ የዲላ ወጣት በአንድ ሳምንት ውስጥ በባህል ቡድን ስም ሲዘፍን ይጨበጨብለታል፣ በሆቴል ሲዘፍን ይወቀሳል፣ በመዝሙር ሲያገለግል ይባረካል። ድምፁ አንድ ነው።

አሁን ወደ ፊልማችን ልመለስ። ከ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማነው» ወዲህ በአማርኛ ብዙ ፊልም ተሠርቷል፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት ሲኒማ ቤቱን የያዘው ደግሞ የፍቅር ኮሜዲ ነው። ማንነትን መደበቅ የእነዚህ ፊልሞች የሚወደድ ገመድ ነው፤ ሀብታሙ ድሃ ይመስላል፣ ድሃው ሀብታም ይመስላል፣ ፍቅር ይፈተናል፣ በመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሁሉም ይገለጣል። በጎ በጎዎቹን ወድጄ አይቻቸዋለሁ። ቅሬታዬ ግን ሰው በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ የሚደበቀው ለፍቅር እንጂ ለሥራ አለመሆኑ ነው። ሙያ ጌጥ ነው። ጀግናው ሙዚቀኛ ነው ቢባል እንኳ ጊታሩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል እንጂ ጣቱ ላይ ጠባሳ አይታይም፤ የምሽት ክፍያውን ሲከራከር አንሰማም። ታሪኩም አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ፣ ቦሌ አካባቢ፣ ሶፋ ያለበት ሳሎን ውስጥ ያልቃል።

እስቲ ያንን የዲላ ወጣት እናስበው። ሆቴሉም መዘምራኑም የሚጠቀሙበት አንድ ኪቦርድ ነው፤ ሌላ የለውም። ቅዳሜ ሌሊት በባጃጅ ይመልሰዋል፣ እሑድ ጠዋት በባጃጅ ይወስደዋል፤ ባጃጅ ነጂው ብቻ ምስጢሩን ያውቃል፤ እሱም ለዝምታው ክፍያ ይጠይቃል። አንድ እሑድ እንቅልፍ ያልጠገበ ጣቱ ቁልፍ ይሳሳትና ጸጥ ካለው ጉባኤ መካከል የቅዳሜው ምት ይፈነዳል። መካከለኛ ፊልም ሠሪ ካሜራውን በወጣቱ ድንጋጤ ላይ ያቆመዋል። ጥሩ ፊልም ሠሪ ግን ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ከወንበሩ ሥር ያሉትን እግሮች ያሳየናል። የትኞቹ እግሮች ምቱን ያውቁታል? የትኛው የተከበረ ሽማግሌ ጫማ ሳያስበው መሬቱን መታ መታ አደረገ? እዚያ ላይ ተመልካቹ ይስቃል፤ የሚስቀውም ትናንት ማታ ብር ግንባር ላይ የለጠፈው ማን እንደነበር ስለሚያውቅ ነው።

እኔ ከዚህ ዓይነቱ ፊልም የምፈልገው ዋና ነገር ይህ ነው። ሁለት ኑሮ የሚኖረው ሙዚቀኛው ብቻ አይደለም። ሙዚቀኛው ሁለት ኑሮ እንዲኖር ያስገደደው አድማጭ ራሱ ሁለት ኑሮ አለው፤ ማታ ይጠራዋል፣ ጠዋት አያውቀውም። ወጣቱ በሰርግ ሲዘፍን ይከፍለዋል፤ ወጣቱ ሴት ልጁን ለትዳር ሲጠይቅ ግን «ዘፋኝ ነው እንዴ?» ይላል። የጥላሁንን ዘፈን በቃሉ የሚያውቅ አባት ልጁ ዘፋኝ ልሁን ሲለው ይቆጣል። በሆሊውዱ ፊልም የተደበቁት ሁለቱ ሲታወቁ ታሪኩ ያልቃል፤ የእኛ ፊልም ግን መጀመር ያለበት ከተገለጠ በኋላ ነው። ምክንያቱም ልጁ ምንም ነውር አልሠራም። የሚጠየቁት የሆቴሉ ባለቤት፣ የመዘምራኑ መሪና የገዛ አባቱ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከእርሱ ድምፅ የሚፈልጉት ነገር አለ።

ይህን ፊልም ለመሥራት ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዲላን በአስፋልቱ ላይ እንደሚያልፍ መንገደኛ ሳይሆን እንደ ነዋሪ የሚያውቃት ሰው ነው። በቡና ወቅት ሆቴሉ ምን እንደሚመስል፣ ቡና ሲያልቅ ደግሞ ስንት ቅዳሜ ባዶ እንደሚሆን ማወቅ አለበት። ንግግሩ ከተማዋ እንደምትናገረው መሆን አለበት፤ ቤት ውስጥ ጌዴኦፋ፣ ገበያ ላይ ሁሉም ተቀላቅሎ፣ ቢሮ ውስጥ አማርኛ። ተዋናዩ ኪቦርድ የሚጫወት መሆን አለበት፤ በጣቶቹ ላይ ካሜራ ሲቀርብ ውሸቱ እንዳይታወቅ። ከሁሉ በላይ ሙዚቃው ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ ተቀድቶ የመጣ ሳይሆን እዚያው የተሠራ፣ ሠሪዎቹም የተከፈላቸው መሆን አለበት። ስለ ሙዚቀኛ ድካም የሚናገር ፊልም የራሱን ሙዚቀኛ በነፃ ካሠራ ምንም አልተናገረም።

ስለዚህ ለሚመለከታችሁ ሁሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ በ1988 ዓ.ም. በኮሌጅነት ከተመሠረተ ወዲህ የዚህን አካባቢ ልጆች አስተምሯል፤ ከነዚህ መካከል ይህን ታሪክ ከኔ በተሻለ የሚጽፉ አሉ። ለተማሪዎቹ የፊልም ጽሑፍ ውድድር ያዘጋጅላቸው። የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ለዳራሮ የሚመድበውን በጀት ሲያስብ ለበዓሉ ቀን ጭፈራ ብቻ ሳይሆን ለአንድ አጭር ፊልምም ይመድብ። የአዲስ አበባ ፕሮዲውሰሮች ደግሞ ቀጣዩን ኮሜዲ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ ዲላ ይደሩ። እናንተ አንባቢዎች፣ በሚቀጥለው ሰርግ ወይም ምሽት ላይ ኪቦርድ የሚጫወተውን ልጅ ስሙን ጠይቁት፤ ጠዋት መንገድ ላይ ስታገኙትም በዚያው ስሙ ጥሩት።